በቤተል ስም

ሰኞ
ዛሬም ማውሱ አስቸገረኝ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው ተብሏል፤ የእኛ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ግን ከተበላሹ ቆዩ። የምለማመደው በቤተል ላፕቶፕ ነው። ቤተል የምኖርበት ግቢ ባለቤት የጋሼ ማቴዎስ ልጅ ናት። ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነን፣ እሷ የግል፣ እኔ የመንግሥት። ሒሳብና ፊዚክስ አስጠናታለሁ፤ በምትኩ ሰርቪስ ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል። ከሁምቦ ወደ ሶዶ ስመጣ ሌላ ማረፊያ አልነበረኝም።
ዛሬ ሁለት ጥያቄ ብቻዋን ሠራች። ከአሥር።

ማክሰኞ
ጋሼ ማቴዎስ ሳሎን አስጠሩኝ። ከዚህ በፊት ሳሎን ገብቼ አላውቅም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።
"የቤተል መመዝገቢያ ፎቶ ገና አልተላከም" አሉኝ። "ያንቺ ፎቶ ይላካል፣ በእሷ ስም አንቺ ትፈተኛለሽ። ያንቺን በሚቀጥለው ዓመት ትፈተኛለሽ። ልጅ ነሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል?"
ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ላስብበት አልኩ።
ብያዝ የምታሰረው እኔ ነኝ። እምቢ ብል ክፍሉን እለቃለሁ። እሺ ብል ዘንድሮ እኔ የለሁም ማለት ነው።

ረቡዕ
ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ግቢው በር ላይ አገኘሁት። የዘበኛ ካፖርት ለብሷል። ጋሼ ማቴዎስ ሰው ልከው አስመጥተውት ኖሯል፣ እዚያው ግቢ ለሚያሠሩት ፎቅ ጥበቃ። እኛ ዘንድ ዘንድሮ በቆሎው ዝናብ አጥሮት ደርቋል።
"ጌታ በሰዎቹ ፊት ሞገስ ሰጥቶሻል" አለኝ በወላይትኛ። ፊቱ በርቷል። ለምን እንደተቀጠረ አያውቅም።
እራት አልበላሁም።

ሐሙስ
ጋሼ ማቴዎስ ምንም አልጠየቁኝም። ሹፌራቸው ግን ፎቶ ቤት ሊወስደኝ መኪናውን አስነስቶ ጠበቀኝ። አሞኛል አልኩት።
ቤተልን ጠየቅኳት። ስልኳን እያየች "እኔ አድርግልኝ አላልኩትም" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ተናግሯል።" አለቀሰች። አዘንኩላት፣ ከዚያ በማዘኔ ተናደድኩ። እሷ ብትወድቅ የግል ኮሌጅ ያስገቧታል። እኔ ከርሞ የት ሆኜ እንደማጠና እንኳን አላውቅም።

ዓርብ
ለአባቴ ነገርኩት። ቆርቆሮ አጥሩ ሥር ቆመን።
"ሥራውን የሰጡኝ ለዚህ ነው?" አለኝ።
አዎ አልኩት።
ካፖርቱን አወለቀ፣ አጥፎ የዘበኛው ወንበር ላይ አስቀመጠ። "ፍራሽሽን ጠቅልዪ" አለኝ።
ጋሼ ማቴዎስ በረንዳ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። አልተቆጡም። "የትምህርት ቤታችሁን ዳይሬክተር አውቀዋለሁ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጫንን። ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምትዘምረው አስቴር ለጊዜው ቤቷ ተቀበለችን።

ቅዳሜ
ምዝገባው ዛሬ ስለሚያበቃ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነበር። ፎቶ ተነሳሁ፣ ፈረምኩ። መዝጋቢዋ "ምሕረት ጳውሎስ፣ ትክክል ነው?" አለችኝ። ትክክል ነው አልኩ።
ስወጣ የጋሼ ማቴዎስ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ዳይሬክተራችን ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ይሰማል። ቀና ሲል አየኝ። ሌላ ጊዜ ስሜን ጠርቶ ሰላም ይለኛል። ዛሬ ዞር ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።
አባቴ "ተመዘገብሽ?" አለኝ። ተመዘገብኩ አልኩት። ያየሁትን አልነገርኩትም።
የተመዝጋቢዎች ስም የሚለጠፈው ሰኞ ነው።