የፓሪስ ለቅሶ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነፋሱ የጅግጅጋን አቧራ በሙሉ ሰብስቦ እኔ ሱቅ ውስጥ ሲያራግፍ ዋለ። ሰሃንና ፔርሙዝ የሚሸጥ ሰው እውነተኛ ሥራው መወልወል ነው። መሸጡ አልፎ አልፎ ነው።

ከሰዓት ሳሚያ ብቅ አለች። በሩ ላይ። ወደ ውስጥ አትገባም።

«ዝርዝር አለሽ?»

«የለኝም።»

ሄደች። የዛሬው ወሬያችን ይኸው ነው። የትናንቱም ይኸው ነበር። የእሷን የጨርቅ ሱቅና የእኔን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እሷ ጨርቅ ስትቀድ እሰማለሁ፣ እኔ ሳስነጥስ ትሰማለች። የስልክ ወሬዋን አንድ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ደም ብዛት እንደጀመራት፣ ልጇ ሐርጌሳ እንደሄደ፣ እህቷ ዐኒሳ ከባሏ እንደተኳረፈች... ሁሉንም። እሷ ግን አንዱንም አልነገረችኝም።

አብረን ነው ያደግነው። አባቴ ወታደር፣ አባቷ የግመል ነጋዴ፣ እኛ አንድ ዴስክ ላይ። በሐምሌ 2010 ግርግር ሱቄ ተዘረፈ። ከወለሉ በስተቀር ያልወሰዱት ነገር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም ነደደ። ከሸሸሁበት ስመለስ ሰው ሁሉ ቢቀር ሳሚያ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «አይዞሽ» ለማለት አንዲት ቆርቆሮ መዞር ነበር የሚጠበቅባት። አልዞረችም። ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው... ምን አስታወሰኝ ዛሬ?

ሌሊት ወደ ቁልቢ እንነሳለን። ሹራብ እንዳልረሳ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

ትናንት እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም። ባቢሌ ላይ ጎማ ተነፈሰ፣ መለዋወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ተናዶ እኛን ተቆጣን። ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ቁልቢ ዝናብና ሰው ነበር። ቆሜ «ጉልበቴን ማርልኝ፣ ሻማ አበራልሃለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። መሃል ላይ ከአፌ ምን ወጣ? «ሳሚያ ቤቴ ገብታ ያለፈውን ብታነሳልኝ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ።» ጃንጥላ! ለገዛ ጉልበቴ ሻማ ያልኩ ሰው! ልመልሰው ፈለግኩ፣ ስለት እንዴት እንደሚመለስ ደግሞ የሚያውቅ የለም። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ለልጇ ቪዛ እየለመነች ነበር። የእሷ ይቀላል።


እሑድ፣ ሐምሌ 21

በሥርዓት ልጻፈው።

ጉልበቴ ስላበጠ ቅዳሴ ቀረሁ። (ገብርኤል ሻማዋን የናቃት መሰለኝ።) ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ፣ ቴሌቪዥኑም ከተበላሸ ወር አልፎታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሳሚያ! ከኋላዋ ዐኒሳ። ሁለቱም ጥቁር ለብሰው፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ወተት በጄሪካን ይዘዋል። ገቡና ወንበሩን ትተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«አላህ ሰብር ይስጥሽ» አለች ሳሚያ።

እንዲህ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። የኔ ሰው ማን አለ? አይዳ! አዲስ አበባ ያለች አንድ ልጄ! ሰው እኔ ሳልሰማ ቀድሞ ሰምቶ ሊያረዳኝ መጣ ብዬ ስልኬን ስፈልግ ብርጭቆ ሰበርኩ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ...

«እማ፣ ፀጉር እየተሠራሁ ነው፣ ቆይተሽ ደውዪ።»

ዘጋችው። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ስድነት የለም።

«ማነው የሞተው ታዲያ?» አልኩ።

እህትማማቾቹ ተያዩ። «አልሰማሽም እንዴ፣ አበዮ?» አለች ሳሚያ። አበዮ እህቴ ማለት ነው፤ ከአፏ ከሰማሁት ስድስት ዓመቴ። «ፈረንሳዮቹ... የኦሎምፒኩ መክፈቻ ላይ። በነቢ ዒሳ ማዕድ ቀለዱ። አንድ ሰማያዊ ራቁት ሰውዬ አስቀመጡበት። ነቢ ዒሳ የእኛም ነቢይ ነው፣ ግን ለእናንተ ይብሳል ብለን መጣን።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እስከ ጉሮሮዬ። ከዚያ ስኳሩን አየሁት፣ አምስት ኪሎ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚወሰደው የታሰረ። ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። በምትኩ የወጣው ይሄ ነው፦

«ሳሚያ፣ ፓሪስ እኮ ሩቅ ነው። የእኔ ሱቅ ካንቺ ሱቅ አንዲት ቆርቆሮ ነው።»

ዐኒሳ ምንጣፉን ማየት ጀመረች፣ የምትገዛው ይመስል። ሳሚያ ተነስታ ጫማዋን አደረገች። በሩ ላይ ሳትዞር «ወተቱ የላም ነው» አለችና ወጣች።

የግመል ወተት እንደማልጠጣ አልረሳችም። ይሄን ባትለኝ ምን ነበረበት... ተናድጄ እንኳ ልደር አልቻልኩም።


ሰኞ፣ ሐምሌ 22

ከቆርቆሮው ወዲያ ድምፅ የለም። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም።

ይሁን የሚባለው ልጅ ሱቄ መጣ። የደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነው፣ ሲናደድ ደግሞ ለብቻው አይናደድም፣ ሰው ይሰበስባል። ቪዲዮውን በስልኩ አሳየኝ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የተኳኳሉና ያጌጡ ሰዎች፣ ከዚያ ከፍራፍሬና ከአበባ መሃል ሰማያዊ የተቀባው ሰውዬ። ዝናብም እየዘነበ ነው።

«ምን ተሰማዎት፣ እትዬ ወለተሐና?»

«ብርድ አይመታውም?»

ይሁን ስልኩን ነጠቀኝ። አንዳንዱ የጌታ እራት ነው ይላል፣ አንዳንዱ የለም የድሮ የግሪክ ጣዖት ግብዣ ነው ይላል። እኔን የሠርግ ቡፌ ላይ የሰከረ ሚዜ የተኛበት ነው የመሰለኝ። ቅር አላለኝም ግን አልልም። እንደዚያ በማዕድ ተሰብስበው ስናይ የለመድነው አንድ ሥዕል ላይ ነው፣ የጌታ እራት፣ እናቴ አልጋ ራስጌ የነበረው። ብቻ ከፓሪስ በፊት የምቀየመው ሰው ስለነበረኝ ተራ አልደረሳትም።

ይሁን ወስኗል። ማንም ኦሎምፒክ እንዳያይ። «ሩጫውንም?» አልኩት። «ሩጫውንም» አለ፣ ትንሽ ቆይቶ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ከተማው ዛሬ ፍርድ ቤት ሆኖ ዋለ። ተከሳሽ ጋሽ ዘነበ።

ጋሽ ዘነበ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ጥፋቱ ፈረንሳይኛ መቻሉ ነው። በአካባቢው ሌላ ፈረንሳይ ስለሌለ ሁሉም እሱ ላይ መጣ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ከበውት አየሁ። የባጃጅ ሾፌሩ ባሬ ከሁሉ ይበልጥ ይጮሃል።

«ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» ይለዋል።

«እኔ ትኬት ነው ስቆርጥ የኖርኩት፣ ልጄ። ጠረጴዛ ላይ አልወጣሁም።»

«ታውቃቸዋለህ ግን!»

«አንዱን አውቀዋለሁ። ሙሴ ሮቤር። ሽንሌ ላይ ወባ ይዞት የጣቢያው ወንበር ላይ ያለቅስ ነበር። ሌላ ነገር ሲያደርግ አላየሁትም።»

ሽማግሌው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ጠርቼ ሱቅ አስቀመጥኩት። ቄሱም ሼኩም በአንድ ሳምንት ስለ አንድ ነገር አንድ ዓይነት ንግግር ማድረጋቸውን ነገረኝ። «ስንት ስብሰባ ተደርጎ ያልተገኘ ስምምነት በአንድ ራቁት ሰው ተገኘ» አለ። ሳቅን። ከቆርቆሮው ወዲያ የሆነ ሰው ሳቁን እንደዋጠ ሰማሁ። እሷ ናት። ሌላ ማን ይሆናል?

ስኳሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። አልፈታሁትም። መመለስ ነውር ነው፣ መብላት ደግሞ... ወተቱን ግን አፍልቼ ጠጣሁት። ወተት ምን አደረገ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ትናንት ማታ የአሥር ሺውን ሩጫ ይሁን አይቶታል! የጎረቤቱ ሚስት ነገረችኝ። ዛሬ ሳገኘው ጠየቅኩት።

«ድምፁን ዘግቼ ነው» አለ።

ነገ ሐምሌ 28 ነው። እንደየዓመቱ ሱቅ አልከፍትም። እንደየዓመቱም ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። ያን ቀን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሁሉም ሰው ስለ አየሩ ያወራል።

እሑድ በቤቴ የተናገርኩትን እያሰብኩ ነው። እውነት ነበር። ግን በስንት ዓመቷ ደጄን የረገጠች ሴት... ሻይ እንኳ አላልኳትም። የጃንጥላውስ ነገር? ገብታለች፣ ያለፈውን ግን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይቆጠራል አይቆጠርም?


እሑድ፣ ሐምሌ 28

መጣች።

ብቻዋን። ያለ ስኳር፣ ያለ እህት። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እያጠፍኩ ነበር። በሩን ክፍት ስታገኘው ዝም ብላ ገባች፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ወዲያው ጀመረች።

«ያኔ የዐኒሳ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከሰዎቹ ጋር ሄዶ... ካንቺ ሱቅ ተሸክሞ ገባ። እኛ ቤት። ጮህኩበት፣ መታሁት። በነጋታው ሁሉንም ወስዶ ሸጠው። ይቺን ብቻ ደበቅኩበት።»

ፌስታሉን ፈታችው። ቀይ ፔርሙዝ፣ አበባ ያለበት። አወቅኩት። የዚያን ዓመት ከድንበሩ፣ ከቶጎ ውጫሌ ያመጣሁት ነው፣ አሁን አይመጣም።

«ወላሂ ሻይ አልጠጣንበትም። ባዶ እጄን ልምጣ ስል አፈርኩ። ይዤው ልምጣ ስል የባሰ አፈርኩ። ዓመት አለፈ። ከዚያ እስካሁን አለመምጣቴ ራሱ አሳፈረኝ። ምን ብዬ ልግባ? ዝርዝር እያልኩ በርሽ ድረስ እመጣለሁ፣ የለኝም ትይኛለሽ፣ እመለሳለሁ።»

ዓይኗን ጠረገች።

«ያ ሰማያዊ ሰውዬ ሲመጣ... አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ሁሉ ሲናደድ እኔ ደስ አለኝ። መግቢያ አገኘሁ።»

ስድስት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። እያሳመርኩት፣ እየጨመርኩበት። ሁሉንም ተውኩት። ፔርሙዙን ተቀብዬ አገላበጥኩት።

«ክዳኑስ?»

«ጠፋ።»

«ስድስት ዓመት ደብቀሽ ክዳኑን ትጥያለሽ?»

አየችኝ። አየኋት። በሳቅ ነው የጀመርነው፣ በምን እንደጨረስነው ግን ነጠላዬ ይመስክር። ያን ቀን የት እንደነበርኩ፣ ምን እንደበላሁ፣ ማን እንደሸሸገኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው። ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም። እሷም በዪኝ አላለችም። ዐኒሳን ለማየት ገና ነኝ፣ ልጇን ደግሞ እንጃ። ግን ስኳሩን ፈታሁት፣ ሻይ ጠጣን።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

ማራቶን ወርቅ! እኛ! ጠዋት ሳሚያ ቤት ነው ያየነው። ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። አናይም ያሉት ሁሉ ነበሩ። ይሁን ከጋሽ ዘነበ ጎን ተቀምጧል፣ ባሬ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ በመስኮት ያያል። ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ። ፓሪስ ስትታይ ማንም ምንም አላለም። አንድ ጊዜ ብቻ ባሬ «ይሄ ዳገት ምን ይባላል?» ብሎ ጋሽ ዘነበን ጠየቀው፣ በአክብሮት። ጋሽ ዘነበ አያውቀውም። የሆነ ስም ግን በፈረንሳይኛ ነገረው።

የእኛ ልጅ ሲገባ ሰው ተቃቅፎ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ። ጉልበቴ ያው ነው፣ ሻማው አልሠራም።

ፍልሰታ ስለገባ ሳሚያ ለኔ ያለ ወተት ለብቻ አፈላች። በቀዩ ፔርሙዝ ነው የቀዳችው። ከሱቅ አረንጓዴ ክዳን አምጥቼ ገጥሜለታለሁ። አስቀያሚ ሆኗል። ዐኒሳም ነበረች፣ ስኒ አቀበለችኝ፣ ተቀበልኩ። ለዛሬ በቂ ነው።

ስንወጣ ይሁን «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሰማያዊው ሰውዬ አቋም እንይዛለን፣ እርስዎም ይናገሩ» አለኝ።

«እኔ በሱ ላይ አልናገርም» አልኩት። «ታኅሣሥ ቁልቢ የማስገባው ጃንጥላም ሰማያዊ ነው።»

«የምን ጃንጥላ?»

«ገብርኤል ያውቃል።»

አማተበ።

ከሰዓት ሱቅ ከፈትኩ። ነፋሱ አቧራውን እያመጣ ነው፣ እወለውላለሁ። ሳሚያ መጣች። በሩ ላይ አልቆመችም። ገብታ በርጩማዬን ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አሸች።

«ዝርዝር አለሽ?»

«አለኝ» አልኳት።

ድሮም ነበረኝ።