በቅርጫት ኳስ የተማለ መሐላ

ሰኞ

አንዳርጌ ዛሬም በር ላይ ቆሞ ተመለሰ። ብርቱካኑን በአጥሩ ላይ አቀበለኝ፣ «እንዴት አደረ?» አለ፣ ሄደ። ብርቱካን ለኩላሊት በሽተኛ እንደማይሰጥ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። መድኃኒት ቤት የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ያመጣል። እኔ እበላዋለሁ።

አንዳርጌ የወንድሜ የሙሉቀን የልብ ጓደኛ ነው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማሩ፣ ሁለቱም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሥራ ያዙ፤ ወንድሜ የስፖርት አስተማሪ፣ እሱ መሬት ቀያሽ። ወንድሜ ከተኛ ወዲህ ግን አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ምክንያቱን ለሰው ስናገር አፍራለሁ። የተጣሉት በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነው።

ከሁሉም ዘመን የሚበልጠው ተጫዋች ማን ነው? ወንድሜ የድሮው ነው ይላል። አንዳርጌ የአሁኑ ነው ይላል። የሰዎቹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃኝን ሰምቻለሁ። የድሮውና የአሁኑ ይበቃቸዋል። ኢንተርኔት በነበረ ጊዜ አንዳቸው ስልክ ከፍተው ያሳዩና ለጥቂት ቀን ሰላም ይሆን ነበር። ከተቋረጠ ወዲህ ሁሉም በቃሉ ይከራከራል፤ በቃል ደግሞ የሚረታ የለም።

የተጣሉ ዕለት እኔም ጁስ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። አንዳርጌ፣ ያንተ ሰው በጊዜ ደክሞት ወጣ፣ የእኔ በዚህ ዕድሜው ከልጆች ጋር ይሮጣል፣ ሰው የሚለካው በመሰንበቱ ነው አለው። ክፋት አልነበረውም። ወንድሜ ግን የምርመራ ውጤቱን በዚያው ሰሞን ተቀብሎ ለማንም ሳይነግር ደብቆት ነበር። ፊቱ ጠቆረ። «ቤቱን መምራት አቅቶት ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ስለ ቡድን መሪ ሊያስተምረኝ ነው?» አለ። ቤቱ በሙሉ ሰማ። አንዳርጌ ብድግ አለና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ባነጋግርህ፣ ደጅህን ብረግጥ፣ ማርቆስ ይፍረድብኝ» ብሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሳምንቱ ይረሳዋል። አንዳርጌ ግን አባቱ ዓይናቸው የጠፋው መሐላ አፍርሰው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። የንስሐ አባቱ ካልፈቱት አይገባም። እሳቸው ደግሞ ደብረ ወርቅ ናቸው፣ መንገዱ በጦርነቱ ዝግ ነው።

ማክሰኞ

ወንድሜ እግሩ አብጦ አደረ። ጫማ አይገባለትም። ውኃ የምሰጠው በትንሿ ብርጭቆ ነው፤ ሐኪሙ ከልክሏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጨው የሌለው ሽሮ አቀረብኩለት፣ ትንሽ ጎረሰና መለሰው። እኔም ቀምሼዋለሁ፣ አልፈርድበትም።

ከሰዓት በኋላ አንዳርጌ መጣ። ወንድሜ በመስኮት አየውና ጠራኝ። ሄደሽ ንገሪው፣ የድሮው ለመጨረሻው ጨዋታ ደርሶ ተሸንፎ አያውቅም በይው አለኝ። ሄጄ ነገርኩት። አንዳርጌ አጥሩን ይዞ አሰበ። መጀመሪያ፣ እሱን እያነጋገርኩ አይደለም፣ አንቺን ነው የማነጋግረው አለ፤ ይሄን የሚለው ለማርቆስ ይመስለኛል። ቀጥሎ፣ ለመጨረሻው ሳይደርስ የቀረባቸውን ዓመታትስ የት ደበቃቸው፣ ደርሶ መሸነፍ ሳይደርሱ ከመቅረት ያንሳል ወይ አለ። ተመልሼ ነገርኩ። ወንድሜ ትራሱን አስተካክሎ መልስ ላከ።

ከመኝታ ቤት አጥር፣ ከአጥር መኝታ ቤት ስመላለስ ዋልኩ። እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው። ዛሬ ግን ስለ መከላከል፣ ስለ ማቀበል፣ የዛሬ ዳኞች ስለሚያበዙት ፊሽካ መልእክት አደረስኩ። ጎረቤታችን ምስር እየለቀመች ታየናለች። ያበድን መስሏት ይሆናል፣ ብዙም አልተሳሳተችም።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ወንድሜ ሲከራከር ቁና ቁና አይተነፍስም። አንዳርጌ ከሄደ በኋላ ሽሮውን ራሱ ጠይቆ በላ።

ረቡዕ

ወንድሜን ሆስፒታል ወስጄው ነበር፤ ሐኪሙ ወደ ኮሪደር አወጣኝ። ኩላሊቱ መታጠብ አለበት፣ እኛ ከዚህ በላይ ልንረዳው አንችልም፣ ባህር ዳር ውሰዱት አለ። በምን? አልኩት። መሬት መሬቱን አየ። ከቆየ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት፤ ምነው ባልጠየቅኩት።

መናኸሪያው ባዶ ነው። አንድ ሚኒባስ ትናንት ወጥቶ ከመንገድ ተመልሷል። የእርዳታ መኪና ፈቃድ ሲያገኝ በሽተኛ ይጭናል አሉኝ፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የወንድሜን ስም ሆስፒታሉ ውስጥ አስመዘገብኩ። ለወንድሜ ባህር ዳር ትታከማለህ ብቻ አልኩት። አስተማሪ ነው፣ ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ምንም አልጠየቀኝም።

ስመለስ የሰፈራችን ቄስ ዘንድ ገባሁ። ጉዳዩን ዘርዝሬ፣ እባክዎ እርስዎ ይፍቱት አልኳቸው። «የሌላ ሰው የንስሐ ልጅ ነው፣ ልጄ። እኔ እጄን ባስገባ እሱም አምኖ አይገባም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንዳርጌን አውቀዋለሁ። ትንሽ ቆይተው፣ ለመሆኑ ሁለቱ ተጫዋቾች ተጋጥመው ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያውቁም፣ አንዱ ከወጣ በኋላ ነው ሌላው የገባው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንግዲያ ማን ሊዳኛቸው ነው አሉ። እኔም ይሄንኑ ስል ነው የኖርኩት።

ሐሙስ

ሐኪሙ ያለኝን ለአንዳርጌ ነገርኩት። ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ፊቱን ሳይ አቃተኝ። የያዘውን ፌስታል መሬት አስቀመጠ። ከዚያ፣ ደብረ ወርቅ እሄዳለሁ አለ። በምን? በእግሬ። መሬት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አቋራጩን አውቀዋለሁ አለ። መንገዱ ላይ ተኩስ አለ አልኩት። ይኖራል አለ።

መሄዱ ካልቀረ ብዬ የልቤን ነገርኩት። «ጋሼ፣ ተፈትተህ ስትገባ አንድ ነገር አድርግልኝ። ትክክል ነህ በለው። የድሮው ይበልጣል በለው። ምን ይጎድልብሃል?»

ክርስትናህን ለውጥ ያልኩት ይመስል አየኝ። በመጨረሻ ግን እሺ አለ። ደስ አለኝ። እነዚህ ሁለት ወንዶች በዚህ ሁሉ ዘመን ያቃታቸውን ነገር እኔ በአንድ ቃል ጨረስኩት ብዬ ነው የተመለስኩት።

ዓርብ

ወንድሜ መስኮቱ ላይ ዋለ። ለምን አልመጣም ይላል። ሥራ ይዞት ነው አልኩ። መሥሪያ ቤታቸው ከተዘጋ ስንት ጊዜው አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ማን ላከው፣ አንድ ነገር ቢሆንስ፣ አንቺ ነሽ የላክሽው አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት እናታችን የሞተች ዕለት ብቻ ነበር። እግሩን አሻሸሁለት። ጣቴ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል።

ወደ ምሥራቅ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ዋለ። ማን ከማን እንደሆነ ጠያቂም የለ። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን።

ቅዳሜ

ምንም ወሬ የለም። ወንድሜን ሲያስመልሰው ዋለ። የእኛ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ባዶ ሆኗል፤ የደም ግፊቱን ክኒን ከአንድ ደንበኛችን ለምኜ አመጣሁ። መድኃኒት ሻጭ ከበሽተኛ መድኃኒት ስትለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወንድሜና አንዳርጌ ልጆች ሳሉ የበርሜል ቀለበት ባሕር ዛፍ ላይ ቸንክረው ይጫወቱ ነበር። መረብ የለውም፣ ሰሌዳ የለውም። ገባ፣ አልገባም ብለው እስኪመሽ ይጨቃጨቃሉ። እኔ በአጠገባቸው ሳልፍ ዳኝነት ይጠይቁኝ ነበር። ሁልጊዜ ገባ እላለሁ፤ ማን እንደወረወረው እንኳ ሳላይ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜም የምፈልገው ዝም እንዲሉልኝ ነበር።

አንዳርጌ መንገድ ላይ ቢቀር ለእናቱ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ስለ ኳስ ምሎ፣ መሐላውን ሊያስፈታ ሄዶ ቀረ እላለሁ?

እሑድ

አስቀድሼ መጣሁ። ጸሎቴ ሁሉ ስለ መንገድ ነበር፤ የአንዳርጌ መንገድ፣ የባህር ዳር መንገድ።

ወንድሜ ብዙ አይናገርም። ሲናገር ለአንዳርጌ የሚመልሰውን ያዘጋጃል። መሰንበት ብቻ ካበለጠ ዋርካም ንጉሥ ነው በይ፣ እንዳልረሳው አስታውሺኝ አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ከዚያ ሌላ ሐሳብ፣ ከዚያ ሌላ። ዓይኑ ሥር አብጦ ሊዘጋ ደርሷል፣ አእምሮው ግን ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሰው ይሰናዳል። አንዳርጌ እሺ ሊለው እንደሚመጣ አልነገርኩትም። ድንገት ሲሰማው ይበልጥ ይደሰታል ብዬ ነው።

ሰኞ

መጣ። እግሩ ቆስሏል፣ ልብሱ አቧራ ብቻ ነው። የአጥሩን በር ራሱ ከፍቶ ገባ። ሲገባ ሳየው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ኬላ ላይ ታጣቂዎች ይዘው አሳድረውት ነበር። ለምን ትሄዳለህ ሲሉት እውነቱን ተናገረ፤ እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰላይ የለም ብለው ለቀቁት። የንስሐ አባቱ ደግሞ ሁሉን ሰምተው፣ በበሬና በድንበር የማለ ብዙ ፈትቻለሁ፣ በኳስ የማለ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ፣ በደሉ ግን ያው ነው አሉት። ፈቱት። ስግደት ሰጡት፤ ዋናው ቀኖናህ በሽተኛውን ማስታመም ነው ብለው ሰደዱት።

መኝታ ቤት ገባ። ተያዩ። አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው፣ ይቅር በለኝ አለው። ወንድሜም ስለ ሚስትህ የተናገርኩትን ይቅር በለኝ አለ። እዚህ ድረስ መልካም ነበር። ወንድሜ ፈገግ ብሎ፣ ስለ መሰንበት ያልከውን አሰብኩበት ብሎ ሲጀምር አንዳርጌ አቋረጠው። «ተወው፣ ሙሌ። አንተ ትክክል ነህ። የድሮው ይበልጣል።»

የወንድሜ ፊት እንዴት እንደሆነ መጻፍ ያቅተኛል። አንዳርጌን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ሐኪሙ ምን አላችሁ?» አለ።

እኔ ብርድ ልብሱን ማስተካከል ያዝኩ።

«አንዳርጌ ለጤነኛ ሰው እሺ ብሎ አያውቅም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ራት አልበላም። ያ ሁሉ ጥም እያለበት ውኃም እምቢ አለ። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ። በብልጠቴ።

ማክሰኞ

መኪናው ተገኘ። ጠዋት ከሆስፒታል ላኩብኝ፤ ፈቃድ ወጥቷል፣ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል፣ ከአንድ በሽተኛ ጋር አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚጫነው። እየሮጥኩ መጣሁ።

ወንድሜ አልሄድም አለ። ለመሞት ባህር ዳር ምን አስኬደኝ፣ እዚሁ እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ አለ። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ግድግዳውን ያያል። መኪናው አይጠብቅም፣ እሱ ግድግዳውን ያያል።

አንዳርጌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ድንገት ተነሳ።

«ትናንት ዋሽቼሃለሁ። እህትህ ለምናኝ ነው። ያንተ ሰው አይበልጥም። ሲከብደው ትቶ የወጣ ሰው ነው፤ ሲከብደው የሚተው ሰው ንጉሥ አይባልም። አንተም እንደሱ ነህ።»

ልጮህበት ነበር። ለበሽተኛ እንዲህ ይባላል? ወንድሜ ግን ዞረ። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ከብዶት ነው የወጣው?» አለ። «ሐዘን ደርሶበት ነው የወጣው። ተመልሶ ደግሞ አሸንፏል፤ እሱን ለምን ትዘላለህ?»

አንዳርጌ አልራራለትም። መመለስ ሌላ፣ አለመሄድ ሌላ አለው። ወንድሜ ያዘጋጀውን ሁሉ አወረደበት፤ አንዳርጌም አንድ በአንድ መለሰ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ይሳደባል። ወንድሜ በመሃል፣ ዓይኑን ከሱ ላይ ሳይነቅል፣ ሸሚዜን አምጪ አለኝ። ቁልፉን እኔ ቆለፍኩለት። በካልሲ ብቻ፣ ክንዱን አንዳርጌ ትከሻ ላይ ጥሎ እየተከራከረ ወጣ።

አስታማሚዋ እኔ ልሆን ልብሴን ቋጥሬ ነበር። ወንድሜ ግን፣ እሱ ይምጣ፣ ገና አልጨረስኩለትም አለ። የክኒኖቹን አሰጣጥ ለአንዳርጌ አስረዳሁትና ቀረሁ። ነርሷ እባካችሁ ሌላ በሽተኛ አለ እያለች ስትለምናቸው የመኪናው በር ተዘጋ።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ስልክ የለም። ደረሱ፣ አልደረሱ የሚነግረኝ የለም። ሐኪሞቹ ይድረሱበት አይድረሱበት አላውቅም። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንዳርጌ ደግሞ ልቡ ስስ ነው፣ ወንድሜ ሲያቃስት ከሰማ እሺ ሊለው ይችላል። ቅዱስ ማርቆስ፣ አደራህን፤ አንዲት ቃል እንኳ እንዳይለቅለት።