አዳራሹ ያልገመታት ስንኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ራፊዓ፤

እንደምን ከርመሻል? የሙስካት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ እኔማ ከደስታዬ ብዛት የምጽፈው እጄን እየቀደመው ነው።

የከተማችንን የግጥም ጉባኤ መቼም አልረሳሽውም። ገጣሚው የመጀመሪያዋን ስንኝ ሁለቴ ይላል፤ አድማጩ የሁለተኛዋን መድረሻ ገምቶ አብሮት ይጮሃል፤ ከዚያማ አድናቆቱ «ዋህ! ዋህ!» ነው። ባለፈው ወር ስንኞቼን ሁሉ ከአፌ ነጠቁኝ። አዳራሹ ተናጋ። የጉባኤው መሪ መምህር ሙኒር «ይቺ ልጅ ስማችንን ታስጠራለች» አሉ። እግሬ መሬት ሳይነካ ቤት ገባሁ።

እማዬ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ሆና ሰምታኝ ኖሮ፣ በማግስቱ አተር እየፈለፈለች «ሁሉንም እነሱ ከጨረሱልሽ አንቺ ምን ልትይ ሄድሽ?» አለችኝ። አኮረፍኳት። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እውነቷን ነበር። ልጽፍ ስቀመጥ ቀድሞ የሚሰማኝ የእነሱ ጩኸት ነው፤ ጩኸት የማያመጣውን ቃል እሰርዛለሁ። ጨረቃና እንባ ብቻ ቀሩኝ። አባባ ካረፈ ወዲህ ቀን ከሌት ይሸምንበት ስለነበረው መኪና እንኳ አንድ ስንኝ ለሰው አላነበብኩም፤ መምህር ሙኒር አንዴ «መኪና ግጥም ውስጥ ምን ይሠራል? ጋራዥ አደረግሽው እኮ!» ብለው ስላሳቁብኝ።

ሐሙስ ቦፓል ከተማ ለሚደረገው ትልቅ ጉባኤ የሚላክ ሰው የሚመረጥበት ቀን ነበር። ቦፓልን ምን ያህል እንደምመኝ ታውቂያለሽ። ሁለት ግጥም ይዣለሁ፤ አንዱ የሚያስጮህ፣ አንዱ ስለ አባባ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁና የአባባን ጀመርኩ። «ሸማኔው ሲሄድ ጸጥ አለ ቤታችን» ብዬ ደገምኩ። አዳራሹ በአንድ አፍ «እንባችን!» አለ። እኔ ግን «በመኪናው ጩኸት ነበር እንቅልፋችን» አልኩ።

ዋህ የሚል ጠፋ። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ «ድገሚው» የሚል ድምፅ መጣ፤ እማዬ ናት፤ ወንዶች ባሉበት ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እማዬ። እያለቀስኩ ደገምኩት። ቦፓል የሚሄደው የሻምሱል ልጅ ሆነ፤ ይሂድ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥሙ እንደ ጎርፍ እየመጣልኝ ነው፤ የሻይ ቤቱ ፍየል እንኳ ሳይገጠምላት አልቀረችም።

«ታዲያ አሁን ደግሞ ለእማዬ ጭብጨባ ልትጽፊ ነው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ትናንት ስለ አንቺ የጻፍኩትን አነበብኩላት። «ይሄኛው ምንም አላለኝም» ብላኝ ወደ አተሯ ተመለሰች። ቅር አለኝ፤ ግን አንዲት ቃል አልነካሁም።

እማዬ በዱዓዋ አልረሳችሽም። ታናሻችን ናዲም የኳስ ጫማውን አስታውሺልኝ ይላል። አክስት ዘይነብ ልጆቹን ሳሚልኝ ብላለች። ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። ስለ አንቺ የጻፍኩት ግጥም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ካልወደድሽው ሳታፍሪ ንገሪኝ፣ እኔ ግን አልቀይረውም።

እህትሽ ዛኪያ
ቡርሐንፑር፣ ኅዳር 19 ቀን