ከተልባ ማወፈሪያ ለሚያወጡት ኃላፊ፣ ከሥር ካለው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ያ አዲሱ መሣሪያዎም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቤተ ሙከራዎ ሥር ባለችው ክፍል ልብስ እየሰፋሁ ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ቆመን ለመሄድ ካልሞከርን በስተቀር ደህና ነን።

መሣሪያው የመጣ ዕለት ደረጃው ላይ ቆመው፣ በድምፅ ሞገድ ተልባን እያንቀጠቀጠ እርጎና ጭማቂ የሚያወፍር ዝልግልግ ነገር እንደሚያወጣ፣ ድምፁም ለሰው ጆሮ እንደማይሰማ ስላስረዱን ከልብ አመሰግናለሁ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች፣ ተልባ ሳይንጫጫ የሚወቀጥበት ዘመን ላይ በመድረሳችን ኮርተናል።

አንደኛው አቤቱታዬ ታዲያ ይኸው ድምፅ ነው። እንዳሉት እኛ አንሰማውም፤ የዘበኛው ውሻ ግን ማብራሪያው ላይ ስላልነበረ፣ መሣሪያው በተነሳ ቁጥር ወደ መስኮትዎ አንጋጦ ያላዝናል። ደንበኞቼም የሠርግ ልብስ ሊለኩ መጥተው የለቅሶ ፊት ይዘው ይመለሳሉ።

ሁለተኛው፣ የተረፈውን እጣቢ በቧንቧ ስለሚደፉት ነው። ዝልግልጉ ቧንቧውን ደፍኖ በእኛ መታጠቢያ ቤት ወለል በኩል ወጣ። አክስቴ ፊቷን ልትታጠብ ገብታ፣ ከበሩ እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ ያለ አንዳች ድካም ተንሸራታ መጣች። ዳሌዋ እስካሁን አልዳነም፤ የምትለብሰው በጎረቤት እርዳታ ነው። ይህን ላመለክት ስመጣ በትሕትና ወንበር ሰጥተው፣ ምርቱ መርዝ እንደሌለው፣ እንዲያውም እንደሚበላ አረጋገጡልኝ። አክስቴ ይህን ስነግራት፣ «እኔ እኮ ወደቅሁበት እንጂ አልበላሁትም በልልኝ» ብላለች።

ሦስተኛውን ልጽፍ ብዕር ሳነሳ ግን ነገሩ ራሱ ፍጻሜ አገኘ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ጉዳቱን በዓይንዎ ሊያዩ ወደ ክፍላችን ወረዱ። አክስቴ ከአልጋዋ ሆና «ቀስ ብለው ይርገጡ፣ ጌታዬ» ብትልዎም፣ ስለዚህ ነገር ጠባይ ከእኛ የተሻለ እንደሚያውቁ በፈገግታ ገልጸው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገቡ። አወጣጥዎን እርስዎም አይረሱትም። የሙሽራ ኮት ከነመስቀያው እንዳቀፉ እግሬ ሥር ሲያርፉ፣ ከወደቀች ወዲህ ስቃ የማታውቀው አክስቴ ትራሷን አፏ ላይ ከድና ሳቀች፤ ይቅር ይበሏት።

በማግሥቱ ማለዳ ቧንቧ ሠሪዎች መጡ፤ እጣቢውም በበርሜል እየተጠራቀመ መወሰድ ጀመረ፤ አክስቴን ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ መኪናም ተላከ። ለአክስቴ ውድቀት የጠፋው በጀት ለእርስዎ ውድቀት ወዲያው በመገኘቱ፣ ምስጋናዬን ለእርስዎ ላቅርብ ወይስ ለወለሉ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ምርምርዎ ይወፍር፣ እጣቢዎ ይቅጠን ዘንድ እየተመኘሁ፣

ዘወትር ከእግርዎ ሥር የምገኝ፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት የተተረተረውን ሱሪዎን ሰፍቼ ልኬያለሁ፤ የክሩ ቀለም ግን ከኋላ በኩል አልገጠመም። ግኝትዎን በጉባኤ ሲያቀርቡ ለታዳሚው ጀርባዎን እንዳይሰጡ አደራ፤ በእኛ ስለለመዱት እንዳይዘነጉ ብዬ ነው።