የገባሽበት ውሃ

አካሌ ሉባባ፣

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ገብቷል። በበጋ እንደ ሰው እውላለሁ። ሱቅ እከፍታለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እቀልዳለሁ። ሰማዩ ሲጠቁር ግን ያ የጎርፍ ሽታ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ መስኮቱን ዘግቼም ይመጣል። ከቧንቧ ቀድቼ ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋ የዚያ ቀን ውሃ ይሸተኛል። ደፍቼ እንደገና እቀዳለሁ። ሃናን፣ ልጃችን፣ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

አዎ፣ አራተኛ ፎቅ። ከቡልጋሪያ ሰፈር ጀርባ የነበረው ቤታችን ፈርሷል፤ ሰፈሩም በሙሉ ተነሥቷል። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተናል። በደጃችን ያልፍ የነበረው ወንዝ ዳር በድንጋይ ተገንብቶ ሣር ተተክሎበታል፤ ሰው ቅዳሜና እሑድ ፎቶ ይነሣበታል። ያምራል፣ አልዋሽሽም። እኔ ግን አልችልም። ወደ ሱቅ ስሄድ ኦሎምፒያ ላይ ከታክሲ እወርድና ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ ላለማየት ዙሪያውን በእግሬ እሄዳለሁ።

በተጋባን ሰሞን ካዛንቺስ ከቢሮሽ ተቀብዬሽ በእግራችን ስንመለስ፣ ያ ድልድይ ላይ ሳትቆሚ አታልፊም ነበር። ወሎ ያደግሽበትን ወንዝ ታነሺልኛለሽ። “ሰይዶ፣ እኛ እኮ በእፍኛችን ነበር የምንጠጣው” ስትይኝ፣ “ይሄኛውን እንዳትሞክሪው” እልሽና እንስቃለን። ያኔ እንኳ ዳርና ዳሩ ሸምበቆ ነበረው። ኋላ ሸምበቆው ተመነጠረ፤ አፈርና ፍርስራሽ ተደፋበትና የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ከላይ ያለው ሰፈር ቆሻሻውን ይለቅበታል፣ የእኛም ሰው ይጨምርበታል። አንቺ “ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰው ቤት ነው የሚመጣው” እያልሽ በየበሩ ስትናገሪ፣ ጎረቤቱ “የሉባባ ስብከት ተጀመረ” ብሎ ይስቅ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት እኔ ሱቅ ነበርኩ። ዝናቡ አላባራ ሲል ዘግቼ ሮጥኩ። ስደርስ ውሃው ቤታችንን ሞልቶታል። ሃናንን ጎረቤት ፎቅ ላይ አውጥተሻት አንቺ ተመልሰሻል። ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ዓይናቸው አያይም፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ በዚያ ግርግር ያስታወስሻቸው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ደረትሽ ድረስ በጠቆረ ውሃ ውስጥ አዝለሻቸው ስትመጪ አየሁሽ። “እማማ፣ አንገቴን አይልቀቁ” ትያለሽ። እሳቸው ማርያምን ይጠራሉ፣ አንቺ አላህን ትጠሪያለሽ። ውሃው ውስጥ ያለ ጠርሙስ እግርሽን ቆርጦሽ ነበር። አጥበሽ በጨርቅ አሰርሽውና “ጭረት ናት” አልሽኝ።

ከሳምንት በኋላ አተኮሰሽ። ምች መስሎን ዳማከሴ አሽተን ቀባንሽ። የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ሲሆን ግን ሐኪም ቤት ወሰድኩሽ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ “ጎርፍ ውስጥ ገብታ ነበር ወይ?” ብሎ ነው። ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አይጥ ቆሻሻ ባለበት ይራባል፤ ሽንቱ ከጎርፉ ጋር ይቀላቀላል፤ በሽታው ደግሞ በቁስል በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ኩላሊትሽን የጎዳው እሱ ነበር። እየሰማሁት፣ በቃ፣ ሐሳቤ የተመነጠረው ሸምበቆ ላይ ነበር። ከእኛ ደጅ እስከ አንቺ ደም ድረስ መንገዱ ይህን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ በሕይወት አሉ። መስቀል ፍላወር ሰፈር፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ገብተዋል። መሞትሽን አልነገርናቸውም፤ ድንጋጤው ይጥላቸዋል ብለን “እናቷን ልታስታምም ወሎ ሄደች” አልናቸው። በሄድኩ ቁጥር “ሉባባ እናቷ አልተሻላቸውም?” ይሉኛል። “ገና ናቸው፣ እማማ” እላለሁ። ክረምቱ ሲገባ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ገና ከመቀመጤ እጄን ያዙኝ። “ትናንት መጥታ እዚህ አጠገቤ ተቀመጠች” አሉኝ። “ቀሚሷ ርጥብ ነው። ምነው ሰይድ፣ ደረቅ ልብስ አትሰጣትም?”

ተሰናብቼ ወጣሁ። ቤት ስገባ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጥኳቸውን ልብሶችሽን አውጥቼ በረንዳ ላይ አሰጣኋቸው። ሃናን ከትምህርት ቤት ስትመጣ አየቻቸው። አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ፀሐይ ሲጠልቅ አጣጥፋ መለሰቻቸው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ የግቢያችን ቦይ በፕላስቲክ ተደፍኖ ውሃው ወደ ምድር ቤቶቹ በር መጠጋት ጀመረ። መስኮቱ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ዞር ስል ሃናን ረጅም ቦት ተጫምታ፣ ጓንት አጥልቃ በሩን ልትከፍት ነው። “አትወርጂም” አልኳት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

“አባዬ፣ እማዬ ቦት አልነበራትም። እኔ አለኝ” አለችኝና ወረደች።

ከላይ አየኋት። ጎንበስ ብላ ፕላስቲኩን በአካፋ ትጎትታለች። ወላሂ ሉባባ፣ ብቻዋን አልነበረችም። ከጎኗ በባዶ እግርሽ ጎንበስ ብለሽ ነበር፤ ቀሚስሽ ወገብሽ ድረስ ርሷል። ዓይኔን ጠራረግኩ፤ አልጠፋሽም። እንዴት ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ እንዴት ደረጃውን እንደ ወረድኩ አላውቅም። ስደርስ ሃናን ብቻ ናት። አካፋውን ተቀበልኳት። የጎርፍ ውሃ ከዚያ ቀን ወዲህ ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሁለት ጎረቤቶችም መጡልን፤ ቦዩ ተከፈተና ውሃው ድምፅ እያሰማ መሄጃውን አገኘ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ልንጠርገው ተስማምተናል።

ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ሴት፣ ገና አዲስ ገቢ ናት፣ ሃናንን ፎጣ አምጥታ አደረቀቻት። “የኔ ልጅ፣ ማናት እንዲህ አድርጋ ያሳደገችሽ?” አለቻት።

“ሉባባ ትባላለች” አለች ልጅሽ።

“በይ ሰላም በይልኝ።”

ሃናን ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ “እሺ፣ እላታለሁ” አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰላምታው አደራ ከበደኝ። እስካለሁ ድረስ ስምሽን ከዱዓዬ አላጎድልም፤ ማን እንደ ነበርሽ ለሚጠይቀኝም እናገራለሁ፤ ለእማማም እውነቱን የምነግርበትን ቀን አላህ ያግራልኝ። ለዛሬ ግን የተላክሁትን ላድርስ። ምድር ቤት ያለችው ሴት ሰላም ብላሻለች። ቤቷ አልረጠበም።

ሰይድ