መርዶ ይዤ ኦሳካ

ኅዳር 3፣ ወረታ፣ ማታ

የሩዙ ናሙና ዛሬም አልደረቀም። የእርጥበት መለኪያው ባትሪ ጨርሷል፤ የሚገዛው ሰው ደ/ታቦር ሄዷል ይባላል። ፍሬውን በጥርሴ ነክሼ ገመትኩ። ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለስልጠና ጃፓን ሄጄ በማሽን እማራለሁ።

ከሰዓት ወ/ሮ ውዴ ከቁሐር ሚካኤል መጡ፣ የምኒችል እናት። ምኒችልን ታውቀዋለህ ደብተሬ፤ አብሮ አደጌ፣ ሦስት ዓመቱ ኦሳካ፣ የሩዝ መፈልፈያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ። ደግፌ ከባጃጅ አወረድኳቸው። ሻይ እንቢ። ለአደራ ነው የመጡት።

ባለቤታቸው መሪጌታ ጥቅምት መግቢያ ላይ አርፈዋል። ልጃቸው እስከ ዛሬ አልተረዳም። ሲደውል፣ አባትህ ለሱባኤ ጣራ ገዳም ወጥተዋል፣ እዚያ ስልክ ክልክል ነው ይሉታል። አሁን አንተ ከሄድክ መርዶውን አድርስልኝ አሉ። በስልክ አይሆንም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ይሆንብኛል። በማለዳ፣ ሰው ሰብስበህ፣ ግራ ቀኙን ሰው ይዞት።

ኦሳካ ላይ ሰው ከየት ነው የምሰበስበው? ይህን አላልኳቸውም። እሺ አልኩ። ምን ልበል።

ኅዳር 10፣ ኦሳካ

ገባሁ። የሰልጣኞች ማደሪያ፤ ክፍሌ ቁም ሣጥን ታክላለች። ንጹሕ ናት፣ አልከፋም።

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ሳቶ ነው፤ ወረታ ተቀምጦ የሩዝ ችግኝ አተካከል ያስተማረን ሳቶ። እንደምን ከረማችሁ አለኝ። ብቻዬን ነኝ። አክብሮቱ ነው፤ ከቁሐር ሽማግሌዎች የለመደው።

ማታ ምኒችል መጣ። ወፍሯል። አቅፎ ከመሬት አነሣኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰዉ ጠየቀ። ከዚያ፣ አባቴስ? ሱባኤ ናቸው አልኩ። ዓይኑን ሳላይ። ዘንድሮስ ሊመነኩሱብን ነው ብሎ ሳቀ።

ከነገ ወዲያ ፈቃድ ወስዷል፣ ከተማውን ሊያሳየኝ። ያን ለት ማለዳ ይነገረዋል፤ ወሰንኩ።

ኅዳር 12፣ ጠዋት

አልተነገረውም። ቀን መቁጠር አላውቅም እንዴ? ዛሬ ሚካኤል ነው። የደብራቸው ንግሥ። ምኒ ገና በሩ ላይ፣ እንኳን አደረሰህ ብሎ ገባ። በንግሥ ቀን መርዶ አይነገርም። ነገ።

ግን ሌላ መጣ። ዛሬማ አባቴ ከጣራ ገዳም ወርደዋል አለ፤ የሚካኤልን ዜማ ለሌላ ሰው አይተዉም፤ አገር ቤት ሲነጋ እንደውላለን። ያን ሁሉ ውሸት ስንጎነጉን ይህችን ያሰበ አንድ ሰው የለም። ፈራሁ ደብተሬ። እየጠራኝ ነው።

ያው ለት፣ ማታ

በተራ ልጻፈው።

ባቡር። ሰዉ እንደ ገበያ ቀን፣ ድምፅ ግን የለም። ሮጬ የገባሁበት የሴቶች ፉርጎ ኖሯል። ምኒ በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ፤ ከወረታ ድረስ የመጣኸው ልታዋርደኝ ነው? ሳቅን። እኔ ቶሎ አቆምኩ።

የኦሳካ የድሮ ግንብ። ለጎንደር ሰው ግንብ ታሳያለህ ብዬ ላበሽቀው አስቤ ነበር። ትልቅ ነው፣ አልዋሽም። የአጥሩ ድንጋይ አንዱ ብቻ ጎጆ ያህላል። ውስጡ ሊፍት አለው፤ ቅር አለኝ። ከላይ ሲታይ ከተማው ማለቂያ የለውም። ምኒ ፋብሪካው ያለበትን አቅጣጫ በጣቱ ያሳየኛል። እኔ የማየው እሱን ነው።

ወርደን ግንቡን የከበበው ውሃ ዳር ተቀመጥን። ስልኩን አወጣ። ተው አልኩት፤ ንግሥ ነው፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ማን ይሰማሃል። ደወለ። እኅቱ አነሣች። ከበሮ፣ እልልታ። አባቴን አቅርቢልኝ አላት። ከካህናቱ መሀል ናቸው፣ ሰዉ አያሳልፈኝም አለች። እንግዲያው ስልኩን ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ፣ ዜማውን ልስማ። ምን ታድርግ፣ ያዘችለት።

ሰማ። ከበሮው ሸጋ ነው፣ ጽናጽሉም። ዜማውን የሚያነሣው ግን ወጣት ነው፣ ቀጭን ድምፅ። የመሪጌታን ድምፅ ቁሐር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወፍራም ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር የሚል። እኔም ሰማሁ። መስማቴንም አየ።

ስልኩን ዘጋ። አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እዚያው እነግረው ነበር፤ ማንም ሳይዘው፣ አገር ምድሩ ፎቶ እየተነሣ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። ገና ያላየኸው ብዙ ነው አለ።

ከዚያ ሁሉንም አሳየኝ። አንድም ሳይቀር። የዓሣ ገበያ። ድልድይ። ምግብ ቤት አናት ላይ እግሩን የሚያንቀሳቅስ ትልቅ የሸርጣን ምስል። ኦክቶፐስ የሚሉት የባሕር እንስሳ የገባበት ትኩስ ድቡልቡል ጥብስ ገዛልኝ፤ ምላሴን አቃጠለኝ። እሱ አልቀመሰም። ቦዩ ዳር መብራቱ ሲበራ ውሃው ቀይ ሰማያዊ ሆነ። ፎቶ አነሣኝ። ና አብረን ስለው፣ እኔ ይቅርብኝ አለ። ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ሌላ ነገር ይጀምራል፤ ይህ ሕንፃ መቼ እንደተሠራ፣ ያኛው ባቡር የት እንደሚሄድ። እንዲህ ያለ ጉብኝት ለጠላቴም አልመኝ።

ማደሪያዬ በር ላይ ደረስን። እጄን ጨበጠ፣ አልለቀቀም።

«ነገ በማለዳ ቤቴ ና» አለኝ።

እሺ አልኩ።

«ብቻህን ግን እንዳትመጣ።»

ኅዳር 13፣ ሊነጋ ሲል

ማታውኑ ለሳቶ ደወልኩ። ሳልጨርስ ገባው፤ እኛ ዘንድ ፎገራ ላይ ስንት ለቅሶ ደርሷል። ጥቁር ኮት ለብሶ ከባለቤቱ ጋር መጣ። እሷ አማርኛ አታውቅም። ውሃ ይዛለች። እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ተባባልን።

መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ። ምኒ ቤት ደርሰናል። ፎቁ ሁሉ ጨለማ ነው፣ የሱ መስኮት ብቻ በርቷል። ለብሶ ቆሟል። እኛን ያያል። ሳቶ ወረደ፣ ባለቤቱም ወረደች። ሦስት መሆናችንን ሲያይ ከመስኮቱ ዞረ፣ በሩን ሊከፍት። ልውረድ።