ለሦስታችንም የሚሆን መጻፊያ

ለወንድሜ ለነጂብ፣

ሰላምታዬ ከስፋክስ ባሕሩን ተሻግሮ ሙኒክ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሦስታችን አብረን ለምንሠራው ፕሮግራም መጻፊያውን፣ ኮዱን የምንጽፍበትን ሶፍትዌር፣ መርጫለሁ። በአንተ ማክም፣ በእኔ ሊኑክስም፣ በአባባ ዊንዶውስም እኩል ይሠራል። «ለአባባ ዊንዶውስ ብለን ወደ ኋላ አንጎተት» ብለኸኝ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረን ግን እሱ ነው።

ትናንት በራሱ ኮምፒውተር ከፈትኩለት። ቁልፎቹን ሲያይ ቆየና፣ «እትዬ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ብንነካው አይቆጣንም?» አለኝ።

«ያንተ እኮ ነው፣ አባባ።»

ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። እማማ ተነስታ ወጣች።

አንተ በጻፍክ ቁጥር የትኛው እንደሚፈጥን ትጠይቀኛለህ፤ አባባ እንዴት ነው ብለህ ግን አታውቅም። ምርጫው አልቋል፤ ለዒድ ና። ዛሬ ጠዋት ስምህን ሳይሳሳት ጠርቶታል።

እማማ ግንባርህን ስማለች። ሰላም ሁንልን።

እህትህ ረውዳ